የመኖሪያ ቤትና የጓሮ ጥገና በባለቤቱ እጅ፦ ለሆሳዕና እና ለሀዲያና ከምባታ ከተሞች ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገና፣ በሺንሽቾና በአካባቢው በሚገኙ ሌሎች ከተሞች ካሉት መኖሪያ ቤቶች እጅግ ብዙዎቹ ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርተው በቆርቆሮ የተከደኑ ናቸው። እንዲህ ያለው ቤት በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ የሚሠራ፣ ብርድን የሚከላከልና በባለቤቱ እጅ ሊጠገን የሚችል ነው። በየጊዜው ከተጠበቀ ወላጅ ሠርቶት ልጅ ይኖርበታል፤ ከተዘነጋ ግን በጥቂት ክረምቶች ውስጥ ቤተሰቡ የቆጠበውን ገንዘብ የሚጠይቅ ሸክም ይሆናል።

ቤት በአንድ ቀን አይፈርስም። ከጣሪያው ላይ አንድ ሚስማር ይላላል፤ በቀዳዳው የገባው ውሃ ወደ ግድግዳው ጫፍ ይወርዳል፤ ርጥበት ያገኘው ማገር ይበሰብሳል፤ ከበሰበሰው እንጨት ምስጥ ይገባል፤ በመጨረሻም ልስኑ ይረግፍና ቋሚው ያዘነብላል። በዚህ ሰንሰለት መጀመሪያ ላይ የሚያስፈልገው አንድ ሚስማርና የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን፣ በመጨረሻው ላይ የሚያስፈልገው ግን ግድግዳውን አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። ይህ ጽሑፍ ነዋሪዎች በራሳቸው ሊያከናውኗቸው የሚችሏቸውን የጥገናና የማሻሻያ ሥራዎች፣ ለባለሙያ መተው ያለባቸውን፣ እንዲሁም ፈቃድና አገልግሎት የሚገኝበትን ሥርዓት ያብራራል።

የአካባቢው ሁኔታና የሥራ ወቅት

ቀድሞ ዋቸሞ በመባል ትታወቅ የነበረችው ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህም የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። በሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ዱራሜን ጨምሮ የከምባታ ከተሞችም በተመሳሳይ ደጋማና ወይና ደጋ መልክዓ ምድር ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። አካባቢው በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አለው፤ እነርሱም ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው በልግ እና ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ክረምት ናቸው።

ከዚህ የተነሣ ለጭቃ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ነው። በሀዲያ የያሆዴ፣ በከምባታ የመሳላ በዓል በመስከረም ወር ስለሚከበር ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውን የሚያድሱት ከበዓሉ ቀደም ባሉት ሳምንታት ነው። ቤትን ለበዓል ማስዋብ መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም በነሐሴ የተለሰነ የውጭ ግድግዳ ሳይደርቅ ዝናብ ስለሚያገኘው ፈጥኖ ይረግፋል። ስለሆነም ከበዓሉ በፊት የውስጡን ክፍል መጥረግ፣ ኖራ መቀባትና የእንጨት ሥራዎችን ማደስ፣ የውጭውን ልስንና የመሠረቱን ሥራ ደግሞ ለበጋው ማቆየት ይመረጣል። የጣሪያና የአሸንዳ ፍተሻ በበኩሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ከበልጉ በፊት በጥር እና ከክረምቱ በፊት በግንቦት ቢደረግ ጠቃሚ ነው።

ከሥራው በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች

የመጀመሪያው ጥያቄ የቤቱ ይዞታ ነው። የግል ይዞታ ያለው ነዋሪ የይዞታ ማረጋገጫው ላይ የሰፈረውን ወሰን ማወቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም በጥገና ስም ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት የተገፋ ግድግዳና አጥር በኋላ የሚፈርስ ወጪ ነው። በቀበሌ ቤት የሚኖር ተከራይ ማናቸውንም የቤቱን ቅርጽ ወይም መዋቅር የሚነካ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቤቱን ከሚያስተዳድረው አካል የጽሑፍ ፈቃድ መውሰድ አለበት። የግለሰብ ቤት የተከራየ ሰውም እንዲሁ ከአከራዩ ጋር ማን እንደሚጠግን፣ ወጪው ከኪራይ ይታሰብ እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢስማማ ብዙ አለመግባባትን ያስቀራል።

ሁለተኛው የግንባታ ፈቃድ ነው። በኢትዮጵያ የከተማ ግንባታን በወጥነት ለመምራት የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» በሚል በሦስት ምድብ ከፍሎ አነስተኛ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶችን በምድብ «ሀ» አስቀምጧል። ፈቃድን የሚመለከቱ ዝርዝር ድንጋጌዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ ነዋሪው በሥራ ላይ ያለውን ደንብና መመሪያ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ክፍል መጠየቅ ይኖርበታል። እንደ ጠቅላላ መመሪያ፣ የቤቱን ስፋት፣ ቁመት፣ ተሸካሚ አካል ወይም አገልግሎት የሚለውጥ ሥራ ፈቃድ ሊጠይቅ እንደሚችል ታሳቢ ማድረግ ይገባል። ክፍል መጨመር፣ መኖሪያን ወደ ሱቅ መለወጥ፣ ተሸካሚ ግድግዳ መቅደድና አዲስ አጥር ማቆም በዚህ ውስጥ የሚታዩ ናቸው።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በጎረቤቱ ላይ ሁከት ወይም ጉዳት እንዳያደርስ፣ ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት እንዳይፈጥር ይከለክላል። የጣሪያ ውሃን ወደ ጎረቤት ግቢ ማፍሰስ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድን ከጎረቤት ግድግዳ ሥር መቆፈርና በሌሊት መዶሻ መምታት ብዙ የቀበሌ ሽምግልና የተቀመጠባቸው ጉዳዮች ናቸው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለጎረቤት መንገር ወጪ የለውም፤ ብዙ ጊዜም በደቦ የሚያግዝ እጅ ያስገኛል።

የሥራ ቅደም ተከተል፦ ከላይ ወደ ታች

ከሁሉ አስቀድሞ የውሃውን መንገድ ማስተካከል የጥገና መሠረታዊ ሕግ ነው። ስለዚህ ሥራው ከጣሪያ ይጀምራል፤ ወደ አሸንዳ፣ ከዚያም ወደ ግቢው ፍሳሽ ይወርዳል፤ ግድግዳና ወለል የሚከተሉት ውሃው መንገድ ከያዘ በኋላ ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ የሚለስን ባለቤት ያንኑ ሥራ በሚቀጥለው ዓመት ይደግመዋል።

ጣሪያና አሸንዳ

የሚያፈስ ቦታን ለማግኘት በቀን ብርሃን በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ከውስጥ ወደ ላይ መመልከት በቂ ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ውሃም ያስገባል። ይሁን እንጂ ውሃ በሞራሌ ላይ ተንሸራትቶ ከገባበት ርቆ ሊንጠባጠብ ስለሚችል፣ እድፉ ከታየበት ቦታ ወደ ጣሪያው አናት አቅጣጫ መከታተል ያስፈልጋል።

የላላ ሚስማር በዚያው ቀዳዳ ቢመታ አይይዝም። አሮጌው ተነቅሎ ቀዳዳው በሬንጅ ወይም በማሸጊያ ይደፈናል፤ አዲሱ ባለ ጎማ የቆርቆሮ ሚስማር ከአጠገቡ፣ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ሳይሆን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል። አዲስ ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ማወቅ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ 35 ጌጅ ከ30 ጌጅ ይልቅ የሳሳ ነው። በጎን በኩል አንዱ ቆርቆሮ ሌላውን ቢያንስ በአንድ ተኩል ሞገድ፣ ከላይና ከታች ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መደራረብ አለበት። የጭቃ ግድግዳ ላለው ቤት የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ወጣ ቢል ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል።

አሸንዳ በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ከተገጠመ ውሃው ሳይቆም ይወርዳል። ይህ ውሃ ለቤተሰቡ ሀብት ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በመሆኑም 40 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለበት ቀን እስከ 800 ሊትር ሊሰጥ ይችላል፤ የሚባክነው ተቀንሶ 600 ሊትር ያህል ማጠራቀም ይቻላል። ከደረቅ ወቅት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ መደፋት አለበት። የተጠራቀመው ውሃ ለልብስ፣ ለጓሮና ለጭቃ ሥራ ያገለግላል፤ ለመጠጥ የሚፈለግ ከሆነ ግን መፍላት ወይም በውሃ ማከሚያ መታከም ይኖርበታል። በርሜሉ ሕፃን እንዳይገባበትና ትንኝ እንዳይራባበት ሁልጊዜ መከደን አለበት።

ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው የራሱን ደኅንነት ያስቀድም። መሰላል በ4 ሜትር ቁመት እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል፤ አናቱም ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሁለተኛ ሰው ከታች ይይዘዋል። በጣሪያ ላይ የሚረገጠው ሚስማር በተመታበት፣ ሞራሌው ባለበት መስመር ብቻ ነው። በርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣትና የኤሌክትሪክ መስመር በሚነካካው ጣሪያ ላይ መሥራት ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል።

ፍሳሽና የቤቱ ዙሪያ

ከቤቱ ግድግዳ ጀምሮ እስከ 2 ሜትር ድረስ ያለው መሬት በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ቢያዘቀዝቅ የዝናብ ውሃ ከመሠረቱ ሥር አይቆምም። ይህን ለማድረግ አፈር እየደለደሉ በአፈር መደቂያ መጠቅጠቅ ይበቃል። ከዚያ ቀጥሎ በድንጋይ የተደረደረ ቦይ ውሃውን ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር ይወስደዋል። ቤቱ በተዳፋት ላይ ከሆነ ቦዩ በላይኛው በኩል መቆፈር ይኖርበታል። ቦዩ ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይከፈት መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በከተማው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ቆሻሻ መጣልም ጎርፉን ወደ ቤቶች ይመልሰዋል።

ጥቁር መረሬ አፈር ባለበት ቦታ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈውንም ቤት ያንቀሳቅሳል። በእንዲህ ያለ ቦታ አዲስ ክፍል መጨመር የሚፈልግ ነዋሪ መሠረቱን በራሱ ግምት ከመቆፈር ይልቅ ባለሙያ ማማከር ይገባዋል።

የጭቃ ግድግዳ ጥገና

በመጀመሪያ ስንጥቁን መለየት ያስፈልጋል። በልስኑ ላይ ብቻ የሚታይ ፀጉር መሰል ስንጥቅ የድርቀት ውጤት ሲሆን በባለቤቱ ሊጠገን ይችላል። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ያለፈ ወይም እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሠረቱ ወይም ቋሚው እንደተንቀሳቀሰ ያመለክታል። ለማረጋገጥ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን ጽፎ ከሁለት ወር በኋላ ማየት ይቻላል። ስንጥቁ ከምልክቱ ካለፈ ጉዳዩ የባለሙያ ነው። አካባቢው በስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኝና የመሬት መንቀጥቀጥ ሊሰማው የሚችል በመሆኑ ያዘነበለ ቋሚን በልስን መሸፈን አደጋን መደበቅ ነው።

ለልስን የሚሆነው ጭቃ የሚዘጋጀው ሥር፣ ቅጠልና ለም አፈር ከተነሣ በኋላ ከሥር ከሚወጣው አፈር ነው። አፈሩ ተስማሚ መሆኑን ለመፈተን ጠርሙስን በአፈርና በውሃ ሞልቶ፣ በጥብቅ ነቅንቆ አንድ ቀን ማስቀመጥ ይቻላል፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላማው ክፍል ከላይ ይረጋል። ሸክላማው ክፍል ከበዛ ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃልና አሸዋና ጭድ ይጨመርለታል፤ አሸዋው ከበዛ ደግሞ አይይዝም። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ፣ በውሃ ርሶ ለበርካታ ቀናት በየዕለቱ እየተረገጠ ሲቆይ ይለሰልሳል፣ ያጣብቃልም። ከመለሰን በፊት በትንሽ ቦታ ሞክሮ አድርቆ ማየት የሙሉ ግድግዳ ድካምን ያድናል።

የረገፈው ቦታ እስከ ማገሩ ተጠርጎ የበሰበሰው ማገር ይለወጣል። ግድግዳው በውሃ ይረጥባል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ምርጊት ይጠቀጠቅበታል። ሁለተኛውና ጭዱ የደቀቀለት ልስን የሚቀባው የመጀመሪያው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። በብርቱ ፀሐይ የሚደርቀው ግድግዳ በጆንያ ቢከለል ስንጥቅ ይቀንሳል። በመጨረሻም ኖራ ሊቀባ ይችላል። ያልበረደ ኖራ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ስለሚፈላና ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል፣ ከሕፃናት ርቆ፣ በጓንትና በመነጽር መሠራት አለበት፤ ሁልጊዜም ኖራው ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ኖራው አይጨመርም።

ብዙ ነዋሪዎች ቤቱን ለማጠንከር በማሰብ በጭቃው ላይ በቀጥታ ስሚንቶ ያስለስናሉ። ጭቃና ስሚንቶ በሙቀትና በርጥበት እኩል አይንቀሳቀሱም፤ ስሚንቶው በስንጥቅ የገባውን ውሃ ከውስጥ ይይዛል፤ ከውጭ ያማረው ግድግዳም ከውስጥ እንጨቱ ይበሰብሳል። በስሚንቶ መለሰን የግድ ከሆነ በቋሚዎቹ ላይ የሽቦ መረብ መምታት ያስፈልጋል። ለዚያው ገንዘብ የተሻለ ጥቅም የሚሰጠው ግን ከመሬት ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ያለውን የግድግዳውን ግርጌ በድንጋይ መገንባት ነው፤ የሚረጨውን ዝናብና ምስጡን የሚቀበለው ይህ ክፍል ነውና።

ምስጥና እንጨት

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በአካባቢው ዋነኛው የቤት እንጨት ነው። በፍጥነት ያድጋል፤ ነገር ግን በመሬት ውስጥ የተቀበረው ክፍል ለምስጥ የተጋለጠ ነው። ጥድ ከዚህ በተሻለ ምስጥን ይቋቋማል። የምስጥ ምልክት በግድግዳው ላይ የሚወጣ የአፈር መስመር ነው። በየወሩ የቤቱን ግርጌ ዞሮ ማየት፣ መስመሩን ማፍረስ፣ ማገዶና ጭድን ከግድግዳው ማራቅ፣ ቋሚውን ልጦና አድርቆ መትከል፣ የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት መለብለብ ወይም በድንጋይ ላይ ማሳረፍ ባለቤቱ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ናቸው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባ ሰው ከጉድጓድ ውሃና ከጓሮ ተክል ማራቅ ይኖርበታል። ስያሜው የማይታወቅ ወይም በሌላ ዕቃ የተቀዳ ፀረ ተባይ ኬሚካል ግን በመኖሪያ ቤት ውስጥ መርጨት አይገባም።

ኤሌክትሪክ፣ ውሃና ጭስ

በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ይህም ለመግደል በቂ ነው። ባለቤቱ አምፖል ሊለውጥ፣ የተሰበረ ሶኬትን ሊያሳውቅ ይችላል፤ አዲስ መስመር መዘርጋት፣ ከቆጣሪው ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ሥራ መሥራትና ከጎረቤት መቀጠል ግን ለእርሱ አይፈቀድም። አንድ 3,500 ዋት የሚፈጅ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለመብራት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል፤ በጭዱና በእንጨቱ መካከል የጋለ ሽቦ ደግሞ ቤቱን ያነዳል። ለምጣድ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር በባለሙያ ሊዘረጋለት ይገባል። የወደቀ ወይም የተበጠሰ መስመር ሲታይ ሳይነኩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ የውስጡን ጎማ በመለወጥ ይስተካከላል። ከሥሩ ኩባያ በማስቀመጥ ብክነቱን መለካት ይቻላል፤ በሰዓት ሩብ ሊትር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 6 ሊትር፣ በወር 180 ሊትር ያባክናል። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው ከዞረ ደግሞ ከመሬት በታች የሚፈስ መስመር አለ ማለት ነው።

የተጠገነ ቤት አንድ አዲስ አደጋ ይዞ እንደሚመጣ ማስታወስ ይገባል። ስንጥቁ የተደፈነ፣ ኮርኒስ የተሠራለትና በሩ በደንብ የሚገጥም ክፍል ቀድሞ እንደነበረው አየር አያስገባም። በደጋው ብርድ ከሰል አያይዞ በእንዲህ ያለ ክፍል የሚተኛ ቤተሰብ ሽታ በሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በየክፍሉ ከላይና ከታች የአየር ማስገቢያ መተው፣ የከሰል ምድጃን ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ማውጣት የጥገናው አካል ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

መጸዳጃ ቤት

የመጸዳጃ ጉድጓድ ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ በተዳፋት ላይም ከውሃው በታች በኩል መሆን አለበት። የጉድጓዱ ይዘት ከወለሉ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው አገልግሎቱ ቆሞ በአፈር ይሞላል። የተበሰበሰ የእንጨት ወለል በጊዜው መለወጥ አለበት፤ በተለይ ሕፃናት የሚወድቁት ከዚህ ነው። ምንም ቢወድቅበት ወደ አሮጌ ጉድጓድ መግባት ለባለቤቱም ሆነ ለቀን ሠራተኛ ክልክል ነው፤ በውስጡ ያለው ጋዝ ገቢውን፣ ሊያድነው የሚከተለውንም ሰው ይገድላል።

ጓሮና እንሰት

በሀዲያና በከምባታ የቤት ጓሮ ማለት በአብዛኛው እንሰት ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ዌሣ የሚባለው ይህ ተክል ቆጮና ቡላ፣ ከቡላውም የሀዲያ አተካና፣ እንዲሁም ቃጫ ይሰጣል፤ ቅጠሉ ለቤቱ ጥላና የንፋስ መከላከያ ይሆናል። ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት የሚፈልግ በመሆኑ በአንድ ክረምት የጠፋ የእንሰት ጓሮ የብዙ ዓመት ስንቅ ማጣት ነው።

ዋነኛው ሥጋት እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ በሳይንሳዊ ጥናት የተመዘገበው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። የመሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ይወጣዋል። በሽታው ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፈው በተለይ በቢላዋና በሌሎች መቁረጫዎች ሲሆን፣ የሚበሉና የሚረግጡ ከብቶችም ያዛምቱታል። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ እያንዳንዱ ተክል ከተቆረጠ በኋላ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ ችግኝ ከጤነኛ ጓሮ ብቻ መውሰድና ከብትን ማራቅ ብቸኛው አስተማማኝ መንገድ ነው። በደቦ የሚሠሩ ቤተሰቦች መቁረጫ ሲዋዋሱ ይህን ጥንቃቄ በጋራ ቢወስዱ የሰፈሩን ጓሮ ሁሉ ያድናሉ።

እንሰት ርጥበት ስለሚወድ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ መተከል የለበትም፤ በቤቱና በተክሉ መካከል የእግር መንገድና የፍሳሽ ቦይ ይቀመጣል። ባሕር ዛፍም ቢወድቅ ቤቱን ከማይደርስበት ርቀት ላይ ሊተከል ይገባል። የወጥ ቤት ተረፈ ምርት፣ እበትና አመድ በአንድ ጉድጓድ ተጠራቅሞ ለወራት ሲብላላ ለጓሮው ማዳበሪያ ይሆናል፤ ፕላስቲክና ባትሪ ግን እንዳይቀላቀል ጥንቃቄ ይደረጋል።

አገልግሎት ለማግኘት

ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ ተሸካሚ ግድግዳና ቋሚን መለወጥ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ጥልቅ ቁፋሮ እንዲሁም በመስመር አጠገብ ያለ ዛፍ መቁረጥ በባለሙያ ብቻ የሚከናወኑ ናቸው። ባለሙያ ሲቀጠር የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን መጠየቅ፣ የሥራውን ዓይነት፣ ዋጋና የማጠናቀቂያ ቀን በጽሑፍ ማድረግ ተገቢ ነው።

ፈቃድ ወይም ምክር የሚፈልግ ነዋሪ የሚከተሉትን ደረጃዎች ይከተላል፦

1. ሊሠራ የታሰበውን በአጭሩ መጻፍና የቤቱን ልኬት የሚያሳይ ቀላል ንድፍ ማዘጋጀት፤
2. የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውል፣ መታወቂያና የዓመቱ ግብር የተከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ክፍል መቅረብ፤
3. ሥራው ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነ፣ ምን ሰነድ እንደሚሟላ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና መልሱ መቼ እንደሚሰጥ መጠየቅ፤
4. ለማናቸውም ክፍያ ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል፣ የተሰጠውንም ፈቃድ ሥራው እስኪያልቅ በቦታው ማቆየት፤
5. በመልሱ ያልረካ ከሆነ ቅሬታውን በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ አስተዳደራዊ በደል ደርሶብኛል ካለም ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ።

የእንሰት በሽታን በተመለከተ ነዋሪዎች የአቅራቢያቸውን የግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የመጸዳጃና የውሃ ጥራትን በተመለከተ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማማከር ይችላሉ። አቅም የሌላቸው አረጋውያን ቤት ከክረምት በፊት እንዲጠገን ጎረቤቶችና ዕድሮች ከቀበሌው ጋር ተነጋግረው የሚያዘጋጁት የደቦ ሥራ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በግንቦት የተመታ ሚስማርና የተከፈተ ቦይ፣ በሐምሌ ሌሊት በቤቱ ውስጥ የሚያድረውን ቤተሰብ በሰላም ያሳድራል።